ሊማሊሞ ገልጦ የሚያሳየውን ዳባት ላይ ቆሞ መስማት

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በወቅን አልፎ ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ የወገራን ሜዳ የሚያውቀው ከላይ ብቻ ነው። ገብስና ባቄላ ያያል፣ የባሕር ዛፍ ጥግ ያያል፣ በክረምት ጭቃውን፣ በበጋ አቧራውን ይቀምሳል። ከሥሩ ምን እንዳለ የሚነግረው የለም። ደባርቅን ለቆ ጥቂት እንደሄደ ግን ሜዳው ድንገት ያልቅና ሊማሊሞ አፉን ይከፍታል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደሉን እየጠረቡ ያወጡት መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል፤ የወገራ ሆድ ዕቃም በግራና በቀኝ ይገለጣል። ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ አፈር፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ፣ እንደገና ቀይ፤ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ።

ዳባት ላይ ቤት ለሚሠራ፣ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር፣ መንገድ ለሚቀይስ ሰው ግን ሊማሊሞ ሩቅ ነው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው እግሩ ሥር ያለውን ነው። ሳይቆፍሩ ይህን ለማወቅ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱና ከቀደምቶቹ መካከል የሚቆጠረው የሞገድ ስብረት ልኬት ነው። የሚያስፈልገው መሬቱን አንድ ጊዜ መምታት፣ ከዚያም ንዝረቱ የትኛው ቦታ በስንት ሰዓት እንደደረሰ መመዝገብ ነው። ሌላው ሁሉ ሒሳብ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጎታውን ሳይከፍቱ በጣታቸው አንጓ ከላይ ወደ ታች መታ መታ እያደረጉ እህሉ የት ድረስ እንደቀረ የሚያውቁ እናቶች አሉ። ገበያ ወጥቶ እንስራ የሚገዛም ሰው አንኳኩቶ ሰምቶ ነው የተሰነጠቀውን ከደህናው የሚለየው። ልዩነቱ፣ እነዚህ የሚፈርዱት በድምፁ ቃና ነው፤ የመሬት ፊዚክስ ባለሙያው የሚፈርደው በድምፁ የጉዞ ጊዜ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በላላ ደረቅ አፈር ውስጥ ከ300 እስከ 700 ሜትር፣ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር፣ በበሰበሰና በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ከ1,000 እስከ 2,500 ሜትር፣ ባልተነካ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ደግሞ እስከ 5,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሮጣል። ቁስ በጠነከረና በተጠጋጋ ቁጥር ንዝረትን ቶሎ ያቀብላል። ስለዚህ የንዝረቱን ፍጥነት ያወቀ ሰው ስለ ድንጋዩ ጠባይ ብዙ ያውቃል። ከባዱ ጥያቄ፣ ከላይ ሆኖ የታችኛውን ድንጋይ ፍጥነት እንዴት መለካት ይቻላል? የሚለው ነው።

ከዳባት ወጣ ብላ ካለች መንደር ሁለት ወንድማማቾች ተነሱ እንበል። መንደሯ ከአስፋልቱ ራቅ ትላለች። አንደኛው በማሳው መሃል ቀጥ ብሎ በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛው መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፣ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ ከዚያ ወርዶ እንደገና በእግሩ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚሄዱት ጎረቤት መንደር ከሆነ እግረኛው ይቀድማል፤ የሌላው ጊዜ አስፋልት በመውጣትና በመመለስ ያልቃል። የሚሄዱት ደባርቅ አጠገብ ወዳለ መንደር ከሆነ ግን ዙሪያ ጥምጥም የሄደው ቀድሞ ደርሶ ወንድሙን ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል እኩል የሚደርሱበት አንድ ርቀት አለ። የእግረኛውን ፍጥነት፣ የሚኒባሱን ፍጥነትና ያንን እኩል የመድረሻ ርቀት ያወቀ ሰው፣ አስፋልቱን በዓይኑ ሳያይ ከመንደሯ ምን ያህል እንደሚርቅ አስልቶ ይናገራል። የስብረት ልኬት ምሥጢሩ ይኸው ነው። ማሳው የላይኛው አፈር ነው፤ አስፋልቱ ከሥር ያለው ጠንካራ ድንጋይ ነው።

ሞገዱ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ለምን ታጥፎ በድንበሩ ይሄዳል? ይህን ለማየት ጥማድ በሬ ይበቃል። በሬዎቹ ከጭቃ ማሳ ወደ ደረቅ መሬት በሰያፍ ሲወጡ ደረቁን ቀድሞ የረገጠው በሬ ፈጠን ይላል፤ ጓደኛው ገና ጭቃው ውስጥ እየተጎተተ ነው። ቀንበሩ ይዞራል፤ ጥማዱም ከነበረበት አቅጣጫ ተጣምሞ ወደ ድንበሩ መስመር ያዘነብላል። ትምህርት ቤት ስለ ብርሃን ስንማር ስብረት ያልነው ይህንኑ ነው። ሰያፉ በተወሰነ ልክ ሲሆን ሞገዱ ጨርሶ በድንበሩ ላይ ይጋደምና በታችኛው ድንጋይ ፍጥነት ይነጉዳል። እየነጎደም ወደ ላይ ንዝረት ይለቃል፤ ጣና ላይ በፍጥነት የሚቀዝፍ ጀልባ ከኋላው በሰያፍ የሚከፈት ሞገድ እንደሚተው። ወደ ላይ የሚመለሰውን ይህን ሞገድ ነው ከመሬቱ ፊት ላይ ሆነን የምንይዘው።

ሜዳ ላይ ሥራው እንዲህ ነው። ማሳው እህሉ ከታጨደ በኋላ አንድ ረጅም ገመድ ይዘረጋል። በገመዱ ላይ በየ5 ሜትሩ ጂኦፎን የሚባል ከጭብጥ የማይበልጥ መሣሪያ ሹሉ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ 24 ከሆኑ መስመሩ 115 ሜትር ይሆናል። ጂኦፎን በውስጡ ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል አለው፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አንዱ ከሌላው አንጻር ይንቀሳቀስና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጥራል። በመስመሩ ጫፍ የብረት ሳህን ይቀመጥና አንድ ጉልበተኛ በትልቅ መዶሻ ይመታዋል። መዶሻው ብረቱን በነካበት ቅጽበት ሰዓቱ ይጀምራል። ንፋስ፣ አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ አይሱዙ፣ የሚነዳ ከብት ሁሉ በመስመሩ ላይ ይሰማል። ስለዚህ እየደጋገሙ ይመታሉ፤ መዝገቦቹ ሲደመሩ የመዶሻው ምት ይጎላል፣ ሌላው ጫጫታ ይጠፋፋል። እንደ ደባርቅ ያለ ከሰዓት በኋላ ንፋስ የሚያይልበት ደጋ ላይ በማለዳ መጀመር ብልህነት ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ላይኛው አፈር 600 ሜትር በሰከንድ፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ 3,000 ሜትር በሰከንድ ቢያስተላልፍ፣ የአፈሩም ውፍረት 10 ሜትር ቢሆን ምን እናያለን? ከመዶሻው 12 ሜትር ላይ ያለው ጂኦፎን ቀጥታ በአፈሩ የመጣውን ሞገድ በ20 ሚሊ ሰከንድ ይሰማል፤ በድንጋዩ የዞረው የሚደርሰው በ37 ነው። 60 ሜትር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአፈሩ የመጣው 100 ሚሊ ሰከንድ ሲፈጅበት በድንጋዩ የዞረው በ53 ደርሷል። ሁለቱ እኩል የሚደርሱት 24.5 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባለሙያው ርቀትን በአንድ ወገን፣ የመጀመሪያውን መድረሻ ጊዜ በሌላ ወገን አድርጎ ነጥቦቹን ሲያስቀምጥ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ከዚያ 24.5 ሜትር ላይ ተሰብሮ ለጥ ያለ ሌላ መስመር ያገኛል። የመጀመሪያው ዳገት የአፈሩን ፍጥነት፣ ሁለተኛው የድንጋዩን ፍጥነት ይሰጠዋል።

ጥልቀቱስ? ሁለተኛውን መስመር ወደ ኋላ፣ ወደ መዶሻው ቦታ ብንስበው ዜሮ ላይ አያርፍም፤ 33 ሚሊ ሰከንድ ላይ ያርፋል። ይህ ወደ ድንጋዩ ለመውረድና ከድንጋዩ ለመውጣት የተከፈለ ጊዜ ነው። በሰከንድ 600 ሜትር የሚሄድ ሞገድ በ33 ሚሊ ሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይጓዛል፦ 10 ወደ ታች፣ 10 ወደ ላይ። ትክክለኛው ቀመር የሰያፉን ልክ ይጨምራል፤ በዚህ ምሳሌ ግን ሞገዱ የሚወርደው ቀጥታ ወደ ታች ሊባል በሚችል ልክ ስለሆነ የቃል ሒሳቡ ብዙ አያሳስትም። አካፋ ሳይነሳ፣ በመዶሻና በሰዓት፣ ድንጋዩ 10 ሜትር ላይ እንዳለ ታወቀ። ለእኔ ከመሬት ሳይንስ ሁሉ ይህን ያህል በትንሽ ነገር ብዙ የሚናገር ዘዴ የለም።

ድንጋዩ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ካልሆነስ? ስሜን ተራሮች ግርጌ ላይ የተዘረጋ ነገር ብርቅ ነው። ወደ ታች በሚያዘቀዝቅ ድንጋይ ላይ ሞገዱ በሄደ ቁጥር የመውጫው መንገድ ይረዝማል፣ ስለዚህ ድንጋዩ ከእውነቱ ቀርፋፋ መስሎ ይታያል። መፍትሔው ከመስመሩ ሌላኛው ጫፍ እንደገና መምታት ነው። ከዚያ ወገን ድንጋዩ ከእውነቱ ፈጣን መስሎ ይታያል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ እውነተኛው ፍጥነትም የቁልቁለቱም ልክ ይወጣል። ከአንድ ጫፍ ብቻ ተመትቶ የቀረበ ጥናት የሚቀበል መሐንዲስ ሁለተኛውን ምት ይጠይቅ እላለሁ።

ጥቅሙ ብዙ ቦታ ነው። መንገድ የሚያወጡ ሰዎች ኮረብታውን ቡልዶዘር ይፈልጠዋል ወይስ ድማሚት ይጠይቃል የሚለውን ከፍጥነቱ ይገምታሉ፤ በሰከንድ 2,000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን የቡልዶዘሩ ጥርስ መቸገር ይጀምራል። ግድብ የሚሠሩ መሠረቱ የሚያርፍበትን ጤናማ ድንጋይ በዚሁ ይፈልጋሉ። ውኃ ፈላጊ ደግሞ ፍላጎቱ ተቃራኒ ነው። እሱ የሚሻው ያልተነካውን ድንጋይ ሳይሆን የተሰነጣጠቀውን ነው፤ ውኃ የሚያድረው ስንጥቁ ውስጥ ነውና። መስመሩ 5,000 ሲል ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ወደ 2,500 ቢወርድ እዚያ ስንጥቅ ሊኖር እንደሚችል ይጠረጥራል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የሚናደው ቁልቁለት ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ከሁለት መቶ በላይ ሰው በመሬት መንሸራተት አለቀ። በሚቀጥለው ወር በነሐሴ እዚሁ ሰሜን ጎንደር ዞን፣ ጠለምት ወረዳ፣ የክረምቱን ዝናብ የጠገበው ተዳፋት ተንዶ ሰው ገደለ፣ ቤተሰቦችንም አፈናቀለ። የሚናደው አብዛኛውን ጊዜ ከጠንካራው ድንጋይ ላይ የተቀመጠው የላላ አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ ነው። ያ የላላ ነገር ምን ያህል እንደሚወፍርና ከሥሩ ያለው ድንጋይ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ማወቅ ደግሞ ይህ ዘዴ በደንብ የሚችለው ሥራ ነው፤ ላይኛው ቀርፋፋ፣ ታችኛው ፈጣን፣ ድንበሩም ጥልቅ ያልሆነ። መሣሪያው በሁለት ሰው ጀርባ ተዳፋቱን ይወጣል። መንደር ከቁልቁለት ግርጌ ከመስፈሩ በፊት እንዲህ ያለ መስመር መዘርጋት ቅንጦት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ይህን ካልኩ በኋላ ዘዴው የት ላይ እንደሚታለል ካልተናገርኩ አንባቢዬን በደልኩ። የሚታለልበትም ቦታ ስሜን ራሱ ነው። ወደ ጥማዱ እንመለስ። በሬዎቹ ከደረቅ መሬት ወደ ጭቃ ቢገቡ ቀንበሩ የሚዞረው በተቃራኒው ነው፤ ከድንበሩ ይርቃሉ፣ ወደ ጭቃው ጠልቀው ይገባሉ። ሞገድም ከፈጣን ወደ ቀርፋፋ ሲሻገር ወደ ታች ይጠመዘዛል እንጂ በድንበሩ አይጋደምም። ስለዚህ ከጠንካራ ድንጋይ ሥር የተደበቀ ለስላሳ አፈር በስብረት ልኬት ፈጽሞ አይሰማም።

አሁን ሊማሊሞን አስቡት። እዚያ የሚታየው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሰፊው ከፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ ነው። የሊማሊሞ ቁልቁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወፍረውን ክምር ገልጦ ስለሚያሳይ የድንጋዩን ዕድሜ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ናሙና ከወሰዱባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ሆኗል፤ የክምሩ አብዛኛው ክፍል የፈሰሰውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑ የታወቀው ከእንዲህ ዓይነት ጥናት ነው። ቅልጡ ድንጋይ ግን ያለ ዕረፍት አልፈሰሰም። በአንዱና በሌላው መካከል ጊዜ ሲያልፍ የላይኛው ፊት ዝናብና ፀሐይ መትቶት አፈር ይሆናል፤ ቀጣዩ ቅልጥ ድንጋይ መጥቶ ያቃጥለዋል፣ ይሸፍነዋል። በመንገዱ ዳር የምናያቸው ቀያይ ንጣፎች እነዚህ የተቀበሩ ጥንታዊ አፈሮች ናቸው፤ አንዳንድ ቦታ የእሳተ ገሞራ አመድም አለበት። ማለትም ፈጣን፣ ቀርፋፋ፣ ፈጣን፣ ቀርፋፋ።

ዳባት ሜዳ ላይ የተዘረጋ መስመር «8 ሜትር ላይ ጠንካራ ድንጋይ አለ» ሊል ይችላል፤ ልክም ነው። ከዚያ ድንጋይ ሥር ስላለው ቀይ ንጣፍ ግን ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ያሳስታል፦ ሞገዱ ቀርፋፋው ንጣፍ ውስጥ ያጠፋውን ጊዜ ሒሳቡ የጠንካራው ድንጋይ ጊዜ አድርጎ ስለሚቆጥረው ከዚያ በታች ያለው ነገር ሁሉ ከእውነቱ ጠልቆ ይታያል። ሌላም አለ። ንጣፉ ፈጣን ቢሆን እንኳ በጣም ስስ ከሆነ ሞገዱ ቀድሞ ለመድረስ ዕድል አያገኝም፤ የታችኛው ይቀድመዋል። ያኔ ደግሞ የታችኛው ድንጋይ ከእውነቱ ቀርቦ ይታያል። ለውኃ ፈላጊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሸክላማው ቀይ ንጣፍ ውኃን ወደ ታች አያሳልፍም፤ ከላዩ ባለው ስንጥቅ የወረደውን ያግደዋል፤ ውኃውም ገደል በደረሰበት ቦታ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የስሜንን ገደሎች ያየ ሰው ምንጩና ለምለሙ ሣር በአንድ ከፍታ ተሰልፎ ሲሄድ ማየቱ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ብቻውን በዚህ ዘዴ አይቆምም። የአገራችን የውኃ ባለሙያዎች ቬስ በሚሉት የኤሌክትሪክ ልኬት ይደግፈዋል፤ ሸክላ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ለሞገዱ የተሰወረው ንጣፍ ለኤሌክትሪኩ ይገለጣል። አንድ የሙከራ ጉድጓድም ያስቆፍራል። ከዚያ በፊት ግን፣ ዳባትና ደባርቅ ላይ ለሚሠራ ሰው፣ አንድ ቀን ሊማሊሞን በእግር መውረድ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። የፈተናው መልስ እዚያ ገደሉ ላይ ተጽፏል፦ ንጣፎቹ ምን ያህል ይወፍራሉ? ቀዩ በየስንት ሜትሩ ይመጣል? ይህን በዓይኑ ያየ ሰው መሣሪያው ዝም ያለበትን ቦታ መጠርጠር ያውቃል።

እስካሁን ያወራነው ስለ አሥርና ሃያ ሜትር ነው። ሒሳቡ ግን ለአርባ ኪሎ ሜትርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በክሮኤሺያ የተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቦችን ሲያጠና የነበረው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ከራቁ ጣቢያዎች ላይ ሞገዱ ከሚጠበቀው ቀድሞ እንደደረሰ አስተዋለ። ሁለተኛው ወንድም ሚኒባስ ተሳፍሯል ማለት ነው። ከሥር ፈጣን ድንጋይ መኖሩን የተረዳው ከዚህ ነው። ዛሬ የምድር ቅርፊት የሚያልቅበትና ማንትል የተባለው የታችኛው ንጣፍ የሚጀምርበት ያ ድንበር በስሙ ሞሆ ይባላል፤ ከሥሩ ሞገድ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

በአገራችን የመሬት ነውጥን በመሣሪያ መመዝገብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ባቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። እኚህ ሰው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በጀርመናዊው ሃንስ በርክሄመር የተመሩ ተመራማሪዎች በአፋርና በደጋው ላይ ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱን ለኩ። ደጋው ሥር ቅርፊቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲወፍር አፋር ሥር ከዚያ እጅግ እንደሚሳሳ ታወቀ።

ትልቁ ሥራ የተሠራው በ2003 መጀመሪያ፣ በእኛ 1995 ዓ.ም.፣ ኢግል በተባለው ፕሮጀክት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዞቹ ከሌስተር፣ ከሊድስና ከሮያል ሆሎዌይ፣ ከአሜሪካም ከስታንፎርድና ከሌሎች ጋር ሆኖ አንድ ሺህ ያህል መመዝገቢያ መሣሪያ ዘረጋ። አንዱ መስመር ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ፣ ሌላው አቋርጦት፣ እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። መዶሻው እዚህ አይበቃም፤ በጥልቅ ጉድጓዶችና በሐይቅ ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ነበር። የተገኘው፣ ስምጥ ሸለቆው ሥር ቅርፊቱ ከደቡብ ወደ አፋር ሲሄድ ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 26 እንደሚሳሳ ነው። ከምዕራቡ ደጋ ሥር ግን ቅርፊቱ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ በግርጌውም ሞገድ በሰከንድ 7.4 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንጣፍ አለ። ለተለመደ የቅርፊት ድንጋይ ይህ ፍጥነት ይበዛል፣ ለማንትል ደግሞ ያንሳል። ከምሥራቁ ደጋ ሥር እንዲህ ያለ ንጣፍ አልታየም።

መስመሩ ስሜን ድረስ አልመጣም። ያለፈበት ጥቁር ድንጋይ ግን የወገራው ወንድም ነው፤ በአንድ ዘመን፣ ከአንድ ምንጭ የፈሰሰ። ተመራማሪዎቹ ያንን ፈጣን ንጣፍ የተረጎሙት ከማንትል ተነስቶ ወደ ላይ ሲመጣ መውጫ አጥቶ ቅርፊቱ ግርጌ ላይ ተኝቶ የቀዘቀዘ ቅልጥ ድንጋይ ነው ብለው ነው። ወደ ላይ የወጣው ሊማሊሞን ሠራ፣ ከዚያም በላዩ ላይ የስሜን እሳተ ገሞራ ተቆለለ፤ የአገሬው ሰው ራስ ደጀን የሚለው ከ4,500 ሜትር በላይ ያለው ጫፍ የእሱ ቅሪት ነው። ያልወጣው ደጋውን ከታች እያወፈረ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ቀርቷል። የወጣውን ደባርቅን አልፎ የሚወርድ ሰው ሁሉ በመኪናው መስኮት ያየዋል። የቀረውን እስካሁን ያየው ዓይን የለም፤ ቀድሞ ከደረሰ ሞገድ ነው የታወቀው።